ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ዲግሪ ለምን ይጠየቃል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ዕድሜዬን በሰው ሀብት አስተዳደር ሙያ ያሳለፍሁ በመሆኔ፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ በጋዜጣችሁ የሚወጡትን የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎች ሳላነብ አላልፍም። ለእንግዳ ተቀባይ፣ ለገንዘብ ያዥ፣ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ለንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ለዳታ ኢንኮደርና ለቢሮ ጸሐፊ በሚወጡት ማስታወቂያዎች ላይ «ተፈላጊ ችሎታ» በሚለው ሥር የመጀመሪያ ዲግሪ፣ አንዳንድ ጊዜም ከተወሰነ ነጥብ የማያንስ አማካይ ውጤት፣ ከዚያም አልፎ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ሲጠየቅ አያለሁ። በደመወዝ ረድፍ ላይ ደግሞ «በስምምነት» ወይም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ተብሎ ይታለፋል። ተቀጣሪው ሥራ ጀምሮ የወሩን ክፍያ ሲቀበል ከቤት ኪራይና ከትራንስፖርት ብዙም የማይተርፍ መሆኑን ይረዳል። እንዲህ ላሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ለሚከፈልባቸው የቢሮ ሥራዎች ዲግሪን የግድ ማድረግ ተገቢ አይደለም ብዬ ስለማምን፣ ምክንያቴን በጋዜጣችሁ በኩል ለአንባብያንና ለቀጣሪዎች ማቅረብ እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ ሥራውን ራሱን እንመልከት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ገቢ ደብዳቤ ተቀብሎ ቁጥርና ቀን ይሰጣል፣ በመዝገብ ያሰፍራል፣ ወደሚመለከተው ክፍል ያስተላልፋል፤ ወጪ ደብዳቤ ፊርማና ማኅተም እንዳረፈበት አይቶ ያወጣል፤ ማህደሮችን በየፈርጃቸው አስቀምጦ በተጠየቀ ጊዜ ሳይዘገይ ያቀርባል። ቀላል ሥራ ነው ማለቴ አይደለም፤ ማህደሩ ጠፍቶበት ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲንከራተት የሚውል ባለጉዳይን ያየ ሰው ይህን ሥራ ሊንቅ አይችልም። ሥራው የሚፈልገው ግን ጥንቃቄን፣ ምስጢር መጠበቅን፣ ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ሳይሳሳቱ መጻፍንና ሥርዓት ወዳድነትን ነው፤ እነዚህም አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ በመቀመጥ የሚገኙ አይደሉም። ገንዘብ ያዥም ቢሆን ደረሰኝ መቁረጥ፣ ገንዘብ መቁጠር፣ የዕለቱን ሒሳብ ከጥሬው ገንዘብ ጋር ማስታረቅና ባንክ ማስገባት ይጠበቅበታል። ፒችትሪን የመሰለው የሒሳብ ሶፍትዌር የሚጠይቀውን ያህል ዕውቀት በአጭር ሥልጠና ያገኛል። ታማኝነቱን በተመለከተ ደግሞ ቀጣሪው ዲግሪው ላይ እንደማይተማመን ማስታወቂያው ራሱ ይናገራል፤ ግርጌው ላይ «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል» የሚለው ቃል አይቀርምና።

አገራችን እንዲህ ያለውን ሥራ ያለ ዲግሪ በሚገባ ያሠራችበት ረጅም ዘመን አለ። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተውና ብዙዎቻችን ኮሜርስ እያልን የምንጠራው የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ጸሐፊዎችን፣ የሒሳብና የባንክ ሠራተኞችን አሠልጥኖ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለንግድ ድርጅቶች ሲያቀርብ ኖሯል። 12ኛ ክፍልን አጠናቀው በጀማሪነት የተቀጠሩና በሥራ ላይ ሠልጥነው ከፍ ወዳለ ኃላፊነት የደረሱ የባንክ ሠራተኞችን የእኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ ያውቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም 12ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣቶችን መልምሎ በራሱ ማሠልጠኛ በማስተማር በበረራ አስተናጋጅነትና በአውሮፕላን ጥገና ሙያ ሲያሰማራ ኖሯል። የብዙ ሰው ሕይወት የሚሸከም አውሮፕላን ለመጠገን 12ኛ ክፍልና ጠንካራ የሙያ ሥልጠና ከበቃ፣ ደብዳቤ ለመመዝገብ ዲግሪ የሚያስፈልግበትን ምክንያት በሥራ ዘመኔ ካነጋገርኋቸው ኃላፊዎች አንዳቸውም አሳማኝ በሆነ መንገድ አላስረዱኝም።

ከዚህም በላይ ለእነዚህ ሥራዎች የሚሆን ሰው የሚያፈራ ሥርዓት አገሪቱ ሆን ብላ ዘርግታለች። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ተስፋፋ፤ በመጀመሪያ 10+1፣ 10+2 እና 10+3 ይባል የነበረውም በኋላ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ባለው አደረጃጀት ተተካ። ሠልጣኝ ትምህርቱን መጨረሱ ብቻ አይበቃም፤ ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ምዘና ወስዶ ሥራውን በተግባር መሥራት መቻሉን ማሳየት አለበት። የጽሕፈትና ቢሮ አስተዳደር፣ የሒሳብና በጀት ድጋፍ የሚባሉት የሥልጠና መስኮች የታሰቡት በትክክል ለጸሐፊነት፣ ለገንዘብ ያዥነትና ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኝነት ነው። መንግሥት ኮሌጅ ሠርቶ፣ አሠልጣኝ ቀጥሮ፣ አንዲትን ወጣት ለዓመታት አስተምሮና መዝኖ ብቁ ናት የሚል ምስክር ወረቀት ከሰጣት በኋላ፣ ልጅቱ ወረቀቱን ይዛ ወደ ቀጣሪው ስትሄድ ዲግሪ የለሽም ተብላ ከምዝገባው መስኮት ትመለሳለች። ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ቴክኒክና ሙያ ለመላክ ያቅማማሉ እየተባሉ በየመድረኩ ሲወቀሱ እሰማለሁ። ወላጅ ግን የሚያየው ማስታወቂያውን ነው፤ በማስታወቂያው ላይ ደረጃ 4 ካልተጠቀሰ፣ ልጁን ወደዚያ እንዲልክ የሚያደርገው ምንም ምክር ሊኖር አይችልም።

መመዘኛው ከፍ ያለው ሥራው ስለከበደ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. በዛሬዋ ኢትዮጵያ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባና የአለማያ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሲሆኑ፣ በየከተማው ያሉት የግል ኮሌጆች ሲጨመሩበት የምሩቃን ቁጥር ከቀድሞው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ለአንድ ክፍት ቦታ የሚቀርበው ማመልከቻ በዚያው ልክ ሲከመር ቀጣሪው ክምሩን በአንድ ጊዜ የሚቀንስበት መንገድ ፈለገ፤ ዲግሪ የሌለውን ማስቀረት ደግሞ ከሁሉም የቀለለ ሆኖ አገኘው። ለአንድ ጸሐፊ ቅጥር የተከማቸ የማመልከቻ ክምር ፊት መቀመጥ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ የቀጣሪውን ችግር አቃልዬ አላየውም። ነገር ግን የመዝጋቢውን ድካም ለመቀነስ የገባ መሥፈርት ዓመታት ሲያልፉ የሥራው የራሱ መሥፈርት መስሎ ተቀመጠ፤ የሰው ሀብት ክፍሎችም ያለፈውን ዓመት ማስታወቂያ ቀድተው ሲያወጡ፣ ይህ መሥፈርት ለምን ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እየጠፋ መጣ።

የዚህ ልማድ ጉዳት ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ከፍቷል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ከተሰጠ ወዲህ ያለውን ውጤት ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያ ዙር ከ896 ሺሕ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆነ። ሪሚዲያል በተባለው የማካካሻ ትምህርት ተጨማሪ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ቢገቡም፣ የሚበዙት ወጣቶች ከዚያ ውጭ ቀርተዋል። የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርታቸውን የሚጨርሱትም ቢሆኑ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናውን ማለፍ ግዴታ ሆኖባቸዋል። የፈተናውን መጥበቅ አልቃወምም፤ ዲግሪ የዕውቀት ምስክር ሆኖ እንዲከበር የሚደረገውን ጥረት ከልቤ እደግፋለሁ። የምቃወመው የዩኒቨርሲቲው በር ሲጠብ የመዝገብ ቤቱም በር አብሮ እንዲጠብ መደረጉን ነው። በየዓመቱ 12ኛ ክፍልን አጠናቅቀው ከዩኒቨርሲቲ ውጭ የሚቀሩት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ ንጹሕ የቢሮ ሥራ ሠርተው ራሳቸውን የሚችሉበት ዕድል ሲዘጋባቸው፣ ብዙዎቹ ፓስፖርት አውጥተው ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ሲወስኑ ልንደነቅ አይገባም።

እዚህ ላይ የሚነሣ መከራከሪያ እንዳለ አውቃለሁ። ከመቶ ተማሪ ሦስትና አምስት ብቻ ባለፈበት አገር 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀን ሰው አምኖ ደብዳቤ ማስጻፍ እንዴት ይቻላል የሚል ነው። ጥያቄው መሠረት የለውም አልልም፤ የትምህርት ጥራት መውደቁን ማንም አይክድም። ሆኖም ያ ፈተና የተዘጋጀው ለዩኒቨርሲቲ የሚበቁትን ለመለየት ነው። በፊዚክስና በኬሚስትሪ ዝቅ ብላ አጠቃላይ ውጤቷ 45 ከመቶ የሆነ ተማሪ የተስተካከለ አማርኛ የምትጽፍ፣ ቁጥር የማትስት፣ ሰው የምታከብር ልትሆን ትችላለች፤ ቀጣሪው ይህን ማወቅ የሚችለው ፈትኖ እንጂ የሌላ ተቋምን ወረቀት አይቶ አይደለም። የትምህርት ጥራት መውደቅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲውን ዘሎ አላለፈውም። በመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ያለፉት ከግማሽ በታች መሆናቸው፣ ያለ ፈተና ይሰጥ በነበረው ዲግሪ ብቻ ተማምኖ ሰው መቅጠር ምን ያህል አስተማማኝ እንደነበረ ያሳያል።

ከሁሉም የሚከብደው መከራከሪያ ግን ሌላ ነው፤ እሱም ከወዳጆቼ፣ በሙያው ውስጥ ካሉ ቅን ሰዎች የሚመጣ ነው። ዲግሪ ከተነሣ ቅጥር ሁሉ የዘመድ አዝማድ ይሆናል፤ ቢያንስ ዲግሪው የኃላፊው የእህት ልጅ እንዲሁ ዘው ብሎ እንዳይገባ ይከላከላል ይላሉ። ይህ ስጋት በአገራችን እውነተኛ ስጋት ስለሆነ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። ግን አፈጻጸሙን ቀረብ ብለን እንየው። ለአንድ የገንዘብ ያዥ ቦታ መቶ ሰው ቢያመለክትና መቶውም ዲግሪ ቢኖራቸው፣ ዲግሪው ማንንም ከማንም አልለየም፤ ምርጫው የሚካሄደው ከዚያ በኋላ በሚደረገው የቃል ፈተና ነው፤ ዘመድ የሚገባውም በዚያው በር ነው። የእህት ልጅ ዲግሪ ከሌለውም በማታው ወይም በርቀት ትምህርት አንዱን ይዞ ይመጣል፤ ያም ካልሆነ ሐሰተኛ ማስረጃ የሚያዘጋጁ ሰዎች አሉ፤ ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ አጥርቶ ለማውጣት በየመሥሪያ ቤቱ ማጣራት እስከ ማካሄድ የተደረሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በዲግሪው መሥፈርት የሚታገደው ዘመድም ገንዘብም የሌለው የድሃ ልጅ ነው። አድልዎን በእርግጥ የሚከላከለው በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር የሚታረም የጽሑፍና የተግባር ፈተና፣ ውጤቱም ለተወዳዳሪዎች ሁሉ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ መታየቱ ነው።

ይህ በተግባር ሊሠራ እንደሚችል አይቻለሁ። ቀደም ሲል እሠራበት በነበረ ድርጅት ለመዝገብ ቤትና ለእንግዳ ተቀባይ ቦታዎች ሰው ሲፈለግ፣ የቅጥር ኮሚቴው ከብዙ ክርክር በኋላ መሥፈርቱን 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀና ከዚያ በላይ አድርጎ ሁሉንም በተግባር ለመፈተን ተስማማ። ለተፈታኞች የተደበላለቁ ደብዳቤዎች ተሰጥተው በቁጥርና በቀን ቅደም ተከተል እንዲያስተካክሉና የጎደለውን ለይተው እንዲናገሩ፣ አንድ ገጽ አማርኛ በኮምፒዩተር እንዲጽፉ፣ በመጨረሻም እንደ ተበሳጨ ባለጉዳይ ሆኖ ለሚቀርባቸው የኮሚቴ አባል መልስ እንዲሰጡ ተደረገ። ጥሩ ውጤት ካገኙት ውስጥ ዲግሪ ያላቸውም የሌላቸውም ነበሩ። አንድ ረዘም ያለ የሥራ ልምድ ያለው ምሩቅ ደብዳቤዎቹን በቀን ብቻ አስተካክሎ ቁጥራቸውን ሳያይ ሲያስረክብ፣ በደረጃ 4 የሠለጠነች ወጣት ግን የጎደለውን ደብዳቤ ከማግኘቷም በላይ አንዱ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ቁጥር እንደተሰጠው አስተዋለች። የመዝገብ ቤቱን ቦታ ያገኘችው እሷ ነበረች፤ እኔ ከዚያ ድርጅት እስክወጣ ድረስም የማህደር መጥፋት ቅሬታ ወደ ቢሮዬ መምጣቱን አላስታውስም።

ይህ መሥፈርት ለምሩቃኑም የሚበጅ ይመስላል እንጂ አይበጅም። በመንግሥት በኩል ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የዝቅተኛው እርከን ክፍያ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደግሞ 11,500 ብር ሆኗል፤ ማለትም መንግሥት ዲግሪ ከጠየቀ በዲግሪው ልክ ለመክፈል ቢያንስ ሞክሯል። በግሉ ዘርፍ ግን በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም የተወሰነ ወለል እስካሁን አልመጣም። ስለዚህ ቀጣሪው የዲግሪ ባለቤት ጠይቆ የ12ኛ ክፍል ሠራተኛ ደመወዝ መክፈል ይችላል። በሲቪል ምሕንድስና የተመረቀ ልጅ ዳታ ሲያስገባ ይውላል፤ ከዚያችው ደመወዝ ላይ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የፈረመውን የወጪ መጋራት ዕዳ እንዲከፍል ይጠበቅበታል። ልቡም እጁም ሥራው ላይ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ሲያገኝ በወራት ውስጥ ይለቃል፤ ድርጅቱም እንደገና ማስታወቂያ ያወጣል፣ እንደገና ያለማምዳል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ምሩቃን በእነዚህ ሥራዎች አይወዳደሩ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ የሚፈልግ ይወዳደር፣ ፈተናውን ካለፈም ይቀጠር። የምለው ዲግሪ የሌለው ሰው ገና በምዝገባ አይባረር ነው።

ስለ ነባር ሠራተኞችም አንድ ነገር ልጨምር። በየመሥሪያ ቤቱ መዋቅር በተሠራና ድልድል በተደረገ ቁጥር፣ በጽሕፈት ሥራ ላይ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ሴቶች ዲግሪ ስለሌላቸው ከያዙት መደብ ዝቅ ሲደረጉ ወይም በእርከን ሲታገዱ አይቻለሁ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የአንድን ተቋም ታሪክና አሠራር በቃላቸው የሚያውቁ፣ አዲስ የሚሾመውን ኃላፊ ሁሉ ሥራ የሚያለማምዱ ናቸው። ቤተሰብ እያስተዳደሩ፣ ከደመወዛቸው ቆንጥረው፣ ማታ ማታ ለሥራቸው ምንም ላይጨምርላቸው በሚችል የትምህርት መስክ ዲግሪ ሲያሳድዱ ማየት ያሳዝናል። መማር የሚፈልግ ሰው ይማር፤ መማሩ የእንጀራው ማስፈራሪያ መሆኑ ግን ትክክል አይደለም።

በሌላ አገርም ይህ ጥያቄ ተነሥቷል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የአሜሪካው የሜሪላንድ ግዛት በ2022 እ.ኤ.አ. በሺዎች ለሚቆጠሩ የግዛቱ የመንግሥት ሥራዎች የአራት ዓመት ዲግሪ እንዳይጠየቅ ወስኗል፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከትለዋል። ከዚያ መማር ያለብን ግን ውሳኔውን ብቻ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል የተሳተፈበት ጥናት እንዳሳየው፣ በዚያ አገር ብዙ ቀጣሪዎች ዲግሪን ከማስታወቂያቸው ቢያነሡም በዚህ ምክንያት ዕድል ያገኙት ዲግሪ የሌላቸው ሰዎች ከ700 ቅጥር አንድ እንኳ አይሞሉም። መሥፈርቱ ከወረቀት ላይ ቢፋቅም በመራጮቹ ልብ ውስጥ ካለ ለውጥ አይመጣም ማለት ነው። በእኛም አገር ማስታወቂያው ላይ «12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ» ተብሎ ተጽፎ፣ በኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ የዲግሪዎቹ ማህደር ለብቻው ከላይ ከተቀመጠ ምንም አልተሠራም።

ስለዚህ የምጠይቀው የተወሰነ ነገር ነው። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ለጽሕፈት፣ ለመዝገብ ቤት፣ ለገንዘብ ያዥነት፣ ለእንግዳ መቀበልና ለዳታ ማስገባት ሥራዎች የሚመጥነው የሥልጠና ደረጃ የትኛው እንደሆነ ዘርዝረው ለቀጣሪዎች ሁሉ ያሳውቁ፤ የመንግሥት የልማት ድርጅቶችና ባንኮችም በዚያ መሠረት በመቅጠር ቀዳሚ ይሁኑ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በነጥብ የሥራ ምዘና ዘዴ ሥራን ከሠራተኛው ለይተው የመመዘን ልምድ ስላላቸው ከባዶ የሚነሡ አይደሉም። የግል ቀጣሪዎች ደግሞ ዲግሪ ሲጠይቁ፣ ከሥራው ዝርዝር ውስጥ ያለ ዲግሪ ሊሠራ የማይችለው የትኛው እንደሆነ በማስታወቂያው ላይ ቢጽፉ፣ ብዙዎቹ የሚጽፉት እንደሚያጡ እርግጠኛ ነኝ።

የጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍልም ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል ብዬ አምናለሁ። አንደኛው፣ ማስታወቂያ የሚያስነግሩ ድርጅቶች የሥራውን ዋና ዋና ተግባራትና የደመወዙን መጠን በግልጽ እንዲጽፉ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው፣ ከላይ የጠቀስኋቸውን መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎችና የባንኮችን የሰው ሀብት ኃላፊዎች ስለዚህ ጉዳይ ጠይቆ መልሳቸውን ለአንባቢ ማቅረብ ነው። በመጪዎቹ እትሞች መልሳቸውን ለማንበብ በጉጉት እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ
ከአዲስ አበባ